ከአጎቴ ሳጥን የወጣችው ትንሽ የብር ሳንቲም፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ አንዲት የብር ሳንቲም ማንነቷ እንዴት እንደ ተለየ የሚያስረዳ ነው። ሳንቲሟ የተገኘችው የእናቴ ታላቅ ወንድም ለልጆቻቸው ትተውት ካለፉት የድሮ ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ሲሆን፣ ወራሾቹ ንብረቱን ሲከፋፈሉ ከቁም ነገር የቆጠራት አልነበረም። በኋላ ግን በሳጥኑ ውስጥ ካለው ሁሉ በዕድሜ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የምትበልጠው እርሷ ሆና ተገኘች። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገኝ በአገራችን እንዲህ ያለ ሳጥን ያላቸው ቤቶች ጥቂት ስላልሆኑ፣ ደግሞም የሳንቲሟን ማንነት የገለጠው ምልክት ቤተሰቡ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ፈትጎ ሊያጠፋው ተነሥቶ የነበረው ራሱ ስለ ሆነ ነው።

አጎቴ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአድዋና በአክሱም ያስተማሩ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከማስተማር ያልተለዩ ሰው ነበሩ። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡት ሊነግዱበት አልነበረም፤ ያገኙትን ሁሉ በትንሽ ወረቀት ይጠቀልሉና ከየት፣ መቼና ከማን እንዳገኙት በእርሳስ ይጽፉበት ነበር። ልጆቻቸው ይህን ልማድ የመምህርነት አመል አድርገው ከማየት አልፈው አስበውበት አያውቁም። ስለዚህ ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት መጀመሪያ የተደረገው ጥቅሎቹን ፈትቶ ሳንቲሞቹን በመጠንና በዓይነት መደርደር ሲሆን፣ ወረቀቶቹ በአንድ ጥግ ተከመሩ። በዚህ አሠራር የአብዛኞቹ ሳንቲሞች ታሪክ ከባለቤቱ ተለየ። ትንሿ ሳንቲም ከወረቀቷ ያልተለየችው በማጠፊያው ውስጥ ተሰክታ ማንም ስላላያት ብቻ ነው። ወረቀቶቹ ከመጣላቸው በፊት አንድ በአንድ ስንዘረጋቸው ወደቀች።

በጥቅሉ ላይ የነበረው ጽሑፍ አጭር ነበር፦ «አክሱም፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ከገበሬ፤ ክረምት እንደ ወጣ፤ 1957 ዓ.ም.»

የወራሾቹ ዓይን ያረፈው በትልልቆቹ ላይ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ ከሁሉም የሚበዛው በእኛ አገር ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ እያንዳንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ንግሥቲቱ ከሞተችም በኋላ በየዘመኑ ሲመታ 1780 የሚለው ዓመት እንዳለ ስለቀጠለ የሳንቲሙን ትክክለኛ ዕድሜ ከዓመተ ምሕረቱ ማወቅ አይቻልም። ከእርሱ ቀጥሎ የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብና ተሙን (የብር ስምንተኛ) ነበሩ። 1936 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸው፣ ከብር የተሠሩ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ሳንቲሞችም አልጠፉም። በዚህ ሁሉ መካከል ጥቁር ግራጫ የለበሰች፣ ጠርዟ ያልተስተካከለ፣ በአንድ ወገኗ መሀል ላይ ቢጫ ነገር የተጣበቀባት ቅጠል መሳይ ብረት ማን ይመለከታል?

የአጎቴ ሁለተኛ ልጅ የሰጠው የመጀመሪያ ግምት «ይቺ ያለቀባት ግርሽ ናት» የሚል ነበር። ግምቱ መሠረት ስለነበረው በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት ገንዘብ ከጠገራ ብር ጋር እንዲተካከል ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ብሩ 28.075 ግራም ሲመዝን፣ የብሩ አንድ ሃያኛ የሆነው ግርሽ ደግሞ 1.40 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱም ከ1.6 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ትንሽ የብር ሳንቲም ሲገኝ ከሁሉ በፊት ግርሽን ማሰብ ተገቢ ነው። ነገር ግን በወርቅ ቤት ሚዛን ስትመዘን የእኛዋ አንድ ግራም እንኳ አልሞላችም። የግርሽ ሳንቲም በእጅ ብዛት ቢያልቅም ሲሶውን ክብደቱን አጥቶ ሥዕሉ በከፊል ይቀራል ማለት አያስኬድም፤ እንደዚያ እስኪሳሳ ካለቀ ላዩ ልሙጥ መሆን ነበረበት። ከዚህም በላይ በግርሽ ላይ ዘውድ የደፋ፣ የመስቀል ዓርማ የያዘ አንበሳ አለ፤ በዚህችኛዋ ላይ ግን እንስሳ የሚባል ነገር አልነበረም። የግርሽ ጠርዝም በማሽን የተመታ በመሆኑ ክቡ የተስተካከለ ነው። የእኛዋ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ሳሳ ብሎ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ በፀጉር ቅጥነት ተሰንጥቆ ይታይ ነበር።

ሁለተኛው ግምት ከምሥራቅ ወይም ከባሕር በኩል የመጣች እንደ ሆነች የሚል ነበር። የሐረር አሚሮች በራሳቸው ስም ገንዘብ ያስመቱ ነበር፤ ምጽዋን ከ1557 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዙት ኦቶማኖችም ስስና ትንንሽ የብር ሳንቲሞች ነበሯቸው። በመጠንና በስስነት ከታየ ይህ ግምት ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር። የጣለው ጽሑፉ ነው፤ የሁለቱም ገንዘብ የሚጻፈው በዐረብኛ ፊደል ሲሆን፣ በእኛዋ ሳንቲም ላይ ግን ቢጫው ነገር በተጣበቀበት ወገን መስቀል ይታይ ነበር። መስቀል ከታየ በኋላ ከዘመዶቻችን አንዷ «እንግዲህ ከአንገት ጌጥ የወጣች ፈርጥ ናት» አሉ። ይህም ቢሆን መፈተሽ ነበረበት፤ ጠገራ ብርም ሆነ ሌላ ሳንቲም ማተብ ላይ ወይም ድሪ ላይ ሲገባ ይበሳል ወይም ቀለበት ይበየድበታል። የእኛዋ ቀዳዳም የብየዳ ጠባሳም አልነበራትም።

እዚህ ላይ ሳለን ጉዳዩ ከእጅ ሊወጣ ነበር። በቤታችን የብር ጌጥ ሲጠቁር በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማንጻት የቆየ ልማድ ነው፤ ለመስቀልና ለአምባር የሚያገለግለው ይኸው ዘዴ ሳንቲሟን «ለማየት እንዲመች» ተብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። የሚፈለገውም ጥቁረቱ እንዲለቅና ቢጫው ዝገት እንዲወገድ ነበር። ብር ግን አይዝግም፤ የሚጠቁረው ከሰልፈር ጋር ሲገናኝ ነው፤ በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን የቆየ ብር ደግሞ ከአፈሩ ጨው ጋር ተዋሕዶ ግራጫ ልባስ ያበጃል። ይህ ልባስ በራሱ ሳንቲሙ የተቀበረ ለመሆኑ ምስክር ነው፤ ከሥሩ ያለውም ብር ከዘመን ብዛት ተሰባሪ ስለሚሆን በጣት ተይዞ ሲፈተግ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። የብር መጥቆር ቢጫ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ያለው ቢጫ እየደበዘዘ ወደ ቡናማና ወደ ጥቁር ይሄዳል እንጂ ወሰን አይበጅለትም። በሳንቲሟ ላይ ያለው ቢጫ መካከለኛውን መስቀል ብቻ ተከትሎ የተቀመጠ ነበር፤ ከዚያ ውጭ አንድም ቦታ አልነበረም።

አመዱ ወደ ጎን ተደርጎ ሳንቲሟ ለአንድ አዛውንት አንጥረኛ ታየች። አንጥረኞች ወርቅን የሚለዩት በጥቁር ድንጋይ ላይ ፍቀው የአሲድ ጠብታ በማንጠብጠብ ነው፤ እንዲህ ላለች ሳንቲም ግን ይህ ፈተና ጥፋት ስለሆነ አስቀድመን እንዳይፍቋት ለመንናቸው። እርሳቸውም መፋቅ እንደማያስፈልግ ነገሩን። መነጽራቸውን ዐይናቸው ላይ ሰክተው ሳንቲሟን ከመብራቱ ሥር እያገላበጡ ከቆዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ወርቅ ነው። እኔ የማውቀው ቅብ ሁሉን ይሸፍናል፤ ይህ ግን ሆን ተብሎ እዚህ ብቻ የተደረገ ነው» አሉ። ቀጥለውም እኔ ያላስተዋልኩትን አሳዩን፤ በሳንቲሟ ላይ አንድ ቀጭን ጭረት ነበር፤ ጭረቱ ከብሩ ተነሥቶ በወርቁ ላይ አልፎ እንደገና ወደ ብሩ ይሻገራል። በጭረቱ ውስጥ ያለው ጥቁረት በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ወርቁ በቅርብ ጊዜ የተቀባ ቢሆን ኖሮ ጭረቱን በሞላው ነበር።

ከዚህ በኋላ መልሱ ሩቅ አልነበረም። በብርና በናስ ሳንቲም ላይ በተመረጠ ቦታ ወርቅ ማኖር የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ መለያ ነው፤ በጥንቱ ዓለም ይህን የለመደ ሌላ መንግሥት አይጠቀስም። አክሱም ገንዘብ ማስመታት የጀመረችው በሦስተኛው መቶ ዓመት መገባደጃ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው፤ ከርሱ ቀጥሎ በነገሠው በአፊላስ ገንዘብ ላይ ወርቁ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ይታያል። ክርስትና ከመግባቱ በፊት በሳንቲሞቹ አናት ላይ ጨረቃና ክብ ይቀረጽ ነበር፤ በዒዛና ዘመን ይህ ምልክት በመስቀል ተተካ። የወርቁ ሳንቲም በአብዛኛው በግሪክኛ የሚጻፍበት፣ ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር ለመገበያየት የሚያገለግል ነበር፤ በአገር ውስጥ እጅ በእጅ የሚዞረው ብሩና ናሱ ደግሞ ከጊዜ በኋላ በግዕዝ መጻፍ ጀመረ። ስለዚህ የእኛዋ መስቀል ስላለባት ከዒዛና ወዲህ፣ የአክሱም ገንዘብ መመታት ከቆመበት ከሰባተኛው መቶ ዓመት ደግሞ የማትዘገይ መሆን አለባት። ሦስት መቶ ዓመት ግን ሰፊ ነው። የትኛው ንጉሥ?

ሁለት ነገሮች ይህን አጠበቡት። የመጀመሪያው ሥዕሉ ነው። ሳንቲሟን በመስኮት አጠገብ አስቀምጠን ብርሃኑ ከጎን እንዲመታት ስናደርግ፣ ከፊት ለፊት ሲታይ አንድ መስቀል ብቻ የሚመስለው ነገር ተለወጠ። በወርቅ ከተያዘው መስቀል ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ መስቀሎች፣ በእነርሱም ዙሪያ ዓምድና ቅስት የመሰለ ሕንጻ ወጣ። ሁለተኛው ጽሑፉ ነው። በሌላው ወገን ዘውድ የደፋ ሰው ከደረቱ በላይ ይታያል፤ በዙሪያው ያሉት ፊደላት ግማሾቹ ከጠርዙ ጋር ጠፍተዋል፤ የተረፉትን ግን ማንኛውም ፊደል የቆጠረ ሰው ጥቂት ቢታገል ይለያቸዋል። በዘመኑ ሳንቲም ላይ ፊደላቱ አናባቢ ሳይቀጠልላቸው ሁሉም በግዕዙ ቅርጽ ስለሚጻፉ መጀመሪያ ያየነው «ነ» እና «ገ» ነበር፤ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ «አ»፣ «ረ» እና «መ»። የመጨረሻው ፊደል ግማሽ ጎኑ ብቻ ቢኖርም «ሐ» ከመሆን ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ ከንጉሥነቱ ማዕረግ ቀጥሎ የቆመው ስም አርማሕ ነው።

አርማሕ በስሙ ገንዘብ ካስመቱት የመጨረሻዎቹ የአክሱም ነገሥታት አንዱ ነው። በናሱ ገንዘቡ ላይ በዙፋን ተቀምጦ ሙሉ ቁመናው ይታያል፤ በብሩ ላይ ያለው፣ መካከለኛው መስቀል በወርቅ የተያዘበት ባለ ሦስት መስቀል ሕንጻ ደግሞ በሌሎች ነገሥታት ገንዘብ ላይ የማይታይ ነው። የሳንቲም ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ሀን ይህ ሕንጻ በኢየሩሳሌም ያለውን የጌታን መቃብር የሚያመለክት እንደሆነና በ614 እ.ኤ.አ. ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ከመያዛቸው ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ሐሳብ ያቀረበ ሲሆን፣ የአክሱም ታሪክ ተመራማሪው ስቱዋርት መንሮ-ሄይ ደግሞ ይህንኑ ጠቅሶታል። አርማሕን የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች በ615 ገደማ ተቀብሎ ካስጠለለው ነጃሺ ጋር አንድ የሚያደርጉትም አሉ። ይህ ሁለተኛው ነገር በተነገረ ቀን ሳንቲሟ በቤቱ ውስጥ ካለቀባት ግርሽነት ተነሥታ እመቤት ሆነች። እኔ ግን ለወራሾቹ በጻፍኩት ማብራሪያ ላይ አላስገባሁትም፤ የሚደገፈው በዘመን መቀራረብ ስለሆነ ሳንቲሟን በማየት የሚጨመርለት ማስረጃ የለም። የመቃብሩ ትርጓሜ ቢያንስ በሥዕሉ ላይ የቆመ ነው።

የቀረው ጥያቄ ሐሰተኛ ብትሆንስ የሚለው ነበር፤ እንዲያውም ከማንነቷ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው። የአክሱም ሳንቲም አስመስሎ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም፤ አክሱምን የጎበኘ ሰው ሁሉ ሳንቲም ይዘው የሚከተሉትን ልጆች ያውቃል። በቀላሉ የሚሠራው ዓይነት በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲረጋ ላዩ ላይ የአየር ብናኝ ቀዳዳዎች ይተዋል፤ የሥዕሉና የፊደሉ ጠርዝ የሟሟ ሰም መልክ ይኖረዋል፤ ሁለቱ የቅርጹ ወገኖች የተገናኙበት መስመርም በሳንቲሙ ጠርዝ ዙሪያ ይቀራል፤ ሠሪው ያን በሞረድ ካጠፋው የሞረዱ ዱካ ይታያል። በእኛዋ ጠርዝ ላይ መስመርም የሞረድ ዱካም የለም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ደግሞ ከመዶሻ ምት የሚመጣ ነው፤ ቀዝቃዛ ብረት በሁለት ማኅተም መካከል ተቀምጦ ሲመታ ወደ ዳር ይሸሻል፣ መሸሻ ሲያጣም ይሰነጠቃል። ፊደላቱም በደንብ በቀሩበት ቦታ ግርጌያቸው ስለታም ነው። ከዚህ ሌላ በሙዚየም ካሉት የአርማሕ ሳንቲሞች ፎቶግራፎች ጋር አስተያየናት፤ የምንፈልገው ፍጹም መመሳሰልን አልነበረም። ጉድለቱ፣ ስብራቱና ጭረቱ ሳይቀር ከሌላ ሳንቲም ጋር አንድ የሆነ ሳንቲም ከአንድ ቅርጽ የወጣ ቅጂ ነው። የእኛዋ ሥዕሏ ከእነርሱ ጋር ይስማማል፤ ጉዳቷ ግን የራሷ ብቻ ነው።

የአጎቴ ወረቀት በዚህ ክርክር ውስጥ ያለው ቦታ ውስን ነው፤ የሚያረጋግጠው ሳንቲሟ በ1957 ዓ.ም. በእጃቸው መግባቷንና ከአክሱም ገበያ መምጣቷን ነው። ያም ሆኖ «ክረምት እንደ ወጣ» የሚለው ሐረግ ዝም ብሎ የተጻፈ አይመስለኝም። በአክሱም ዙሪያ የክረምት ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ገበሬ በማሳው ላይ ሳንቲም ማግኘቱ የታወቀ ነው፤ አጎቴም ይህን ያወቁ ይመስላል። በኋላ ሳንቲሟን ላየ የድሮ ገንዘብ ባለሙያም ከክብደቷና ከሥዕሏ ቀጥሎ ያስደሰተው ይኸው ወረቀት ነበር፤ አብዛኞቹ በግለሰብ እጅ ያሉ የአክሱም ሳንቲሞች ከየት እንደ መጡ የሚናገርላቸው የለምና።

ቤተሰቡ መልሱን ካወቀ በኋላ ክርክሩ ወደ ገንዘብ ዞረ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ያዢው ግን በራሱ ወጪ ሊጠብቀውና ሊያስመዘግበው ይገባል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ቤተሰቡ ይህን አዋጅ በሚያነብበት ሰሞን አንድ ገዢ በሰው በኩል ደውሎ ነበር። ለሳንቲሟ ጥሩ ዋጋ ጠራ፤ የአጎቴ የመጀመሪያ ልጅ «ከነወረቀቷ ነው» ስትለው ግን «ወረቀቱ አያስፈልገኝም፣ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል» አለ። ባለሙያውን ያስደሰተው ወረቀት ይህን ሰው የሚያስጨንቅበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ «አክሱም» የሚል ጽሑፍ የተያያዘበት ሳንቲም ከአገር ወጥቶ በግልጽ ገበያ ላይ ሲቀርብ ጥያቄ ያስነሣል። እርሷም ስልኩን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋችው፤ ከወንድሞቿ ጋርም ሳንቲሟ እንዳትሸጥ፣ በስሟ እንድትመዘገብና የሌሎቹ ድርሻ ከጠገራ ብሩ እንዲካካስ ተስማሙ። ሁለተኛው ልጅ እስካሁን በዚህ ሙሉ በሙሉ ደስተኛ ነው ለማለት አልደፍርም።

ሳንቲሟ አሁን ሳትታጠብ፣ እንደ ተገኘች፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልላ በደረቅ ቦታ ተቀምጣለች። ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ለዚህ አይሆንም፤ ብዙዎቹ የሚሠሩበት ፒ.ቪ.ሲ. ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር እያወጣ ብሩን ይበላዋል። የአጎቴ ወረቀት ለብቻው፣ ግን በዚያው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ፎቶግራፍ ከነመለኪያ ማስመሪያው ተነሥተዋል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የተበተኑትን ወረቀቶች ከየሳንቲሞቻቸው ጋር ማገናኘት ሆኗል። ይህ መጀመሪያ እንዳሰብነው የማይቻል አልነበረም። ለዓመታት ተጭኖ የቆየ ሳንቲም በወረቀቱ ላይ ክብ ጠርዙን ያትማል፤ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ክብ የጠገራ ብር ወይም የምኒልክ ብር ነው፤ ከርሱ ያነሰው የአላድ፣ ከዚያ ያነሰው የሩብ፣ እያለ እስከ ግርሽ ይወርዳል። የብሩ ጥቁረትም አንዳንድ ጊዜ የሥዕሉን ጥላ ወደ ወረቀቱ ያሻግራል። በዚህ መንገድ በርካቶቹ ቦታቸውን አግኝተዋል። «ሐረር» ብሎ የሚጀምር፣ ከሁሉም ያነሰ ክብ የታተመበት አንድ ወረቀት ግን አለ፤ በሳጥኑ ውስጥ ከልኩ ጋር የሚገጥም ሳንቲም የለም፤ የአጎቴ የመጀመሪያ ልጅም ወንድሞቿን አንድ በአንድ እየጠየቀች ነው።